የመቶ ዓመት ወረርሽኝን በሰፈር ደረጃ መከታተል፦ የምሥራቅ ለንደኗ ስቴፕኒ

ስለ ድሮ ወረርሽኝ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ አገር ነው። እንግሊዝ ይህን ያህል ሰው ሞተባት፣ ሕንድ ይህን ያህል። በሽታ ግን አገር ለአገር አይዘዋወርም። ከአንድ ክፍል ወደ ጎረቤት ክፍል፣ ከአንድ የትምህርት ቤት ወንበር ወደ ቀጣዩ ነው የሚያልፈው። ስለዚህ አካሄዱ በደንብ የሚታየው ወደ ሰፈር ሲወርዱ ነው።

ይህ መመሪያ ከ1900 እስከ 1920 ባለው ጊዜ የአንድን ሰፈር ተላላፊ በሽታ እንዴት መከታተል እንደሚቻል ያሳያል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ምሳሌ ያደረግኩት በምሥራቅ ለንደን የነበረውን ስቴፕኒን ነው። ዛሬ ዋይትቻፕል ገበያ የሚወጣ ሰው ሁሉ የሚረግጠው መሬት ነው። የመረጥኩት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ መዝገቡ በነጻ ኢንተርኔት ላይ ይገኛል። ሁለተኛ፣ የወደብ ሠራተኛው፣ ስደተኛውና ድሃው ተጨናንቆ የኖረበት ቦታ ስለሆነ በሽታው ማንን መርጦ እንደመታ ይታያል።

ከመነሻው አንድ ነገር ልብ በሉ። መዝገብ ላይ የሚገኘው ቁጥር በሽታው ራሱ አይደለም። አንድ ሐኪም አይቶ፣ ስም ሰጥቶ፣ ጽፎ የላከው ነው። ሐኪም ያልጠራ ቤተሰብ እዚያ ውስጥ የለም። ሥራችሁ ቁጥሩን መልቀም ብቻ ሳይሆን፣ ቁጥሩ በየት በኩል ዞሮ ወረቀቱ ላይ እንደደረሰ ማወቅም ነው።

ደረጃ 1፦ የሰፈሩን ድንበር ቁረጡ

"ስቴፕኒ" የሚለው ስም በመዝገብ ውስጥ ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ቦታዎችን ያመለክታል። አንዱ የጥንቱ የቤተ ክርስቲያን አጥቢያ ነው። ሁለተኛው ልደትና ሞት የሚመዘገብበት ወረዳ ነው። ሦስተኛው በ1900 የተቋቋመው የከተማ አስተዳደር ነው። ሦስቱም ድንበራቸው አይገጥምም።

በ1900 ለንደን በ28 የከተማ አስተዳደሮች ስትከፋፈል ዋይትቻፕል፣ ማይል ኤንድ ኦልድ ታውን፣ ላይምሃውስና ሴንት ጆርጅ ኢን ዘ ኢስት አንድ ላይ ሆነው ስቴፕኒ ተባሉ። ከዚያ በፊት እያንዳንዳቸው የራሳቸው የጤና ሹም (የአካባቢውን ጤና የሚከታተል ሐኪም) እና የራሳቸው ሪፖርት ነበራቸው። ስለዚህ ወደ 1890ዎቹ መመለስ ከፈለጋችሁ አራቱን ሪፖርት መደመር አለባችሁ። አስተዳደሩ እስከ 1965 ቆይቶ ከፖፕላርና ከቤትናል ግሪን ጋር ተቀላቅሎ የዛሬው ታወር ሃምሌትስ ሆነ።

ካርታ ላይ ድንበሩን ሳትስሉ አንድም ቁጥር አትገልብጡ። የስኮትላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የዚያን ዘመን የኦርድናንስ ሰርቬይ ካርታዎችን በድረ ገጹ በነጻ ያሳያል። እያንዳንዱ ቤት ሳይቀር ይታያል።

ደረጃ 2፦ አንድ በሽታ ምረጡ፣ ግን መጀመሪያ ሕጉን እዩ

ሁሉም በሽታ ለመንግሥት አይነገርም ነበር። በ1889 የወጣው ሕግ ሐኪሙ ሲያይ እንዲያስታውቅ ያስገደደው የተወሰኑትን ብቻ ነው፦ ፈንጣጣ፣ ኮሌራ፣ ዲፍቴሪያ፣ ስካርሌት ፊቨር (ጉሮሮ የሚያሳምምና ቆዳ የሚያቀላ ትኩሳት)፣ ታይፈስ፣ ታይፎይድ፣ የሚያገረሽ ትኩሳት፣ ኤሪሲፔለስ (የቆዳ ኢንፌክሽን) እና የአራስ ትኩሳት ዋናዎቹ ናቸው። ለንደን ከመጀመሪያው በግዴታ ነው የገባችበት። ሌሎች ከተሞች እስከ 1899 ድረስ በፈቃዳቸው ነበር።

አሁን ከዝርዝሩ የጎደለውን ተመልከቱ። ኩፍኝ የለም። ትክትክ የለም። የሕፃናት ተቅማጥ የለም። ኢንፍሉዌንዛ የለም። የሳንባ ነቀርሳም እስከ ኋላ ድረስ አልገባም። እነዚህ ደግሞ የሰፈሩን ሕፃናትና ወላጆች በብዛት የጨረሱት ናቸው። የእነሱን ዱካ የምታገኙት በዋናነት በሞት መዝገብ ነው፤ ታሞ የዳነውን ብዙ ጊዜ አታዩትም።

ለጀማሪ ዲፍቴሪያን እመክራለሁ። በአማርኛ ዘጊ አናዳ የምንለው ነው። ዘመኑን በሙሉ በግዴታ ይመዘገብ ነበር። ታማሚዎቹ በብዛት ሆስፒታል ይገቡ ስለነበር ቁጥሩን በሁለት በኩል ማመሳከር ይቻላል። ከ1894 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ለበሽታው ማርከሻ የሚሆን ሴረም ለንደን ሆስፒታሎች ገብቷል። መድኃኒቱ የሟቹን ብዛት እንዴት እንደቀየረ ዓመት በዓመት መከተል ትችላላችሁ።

ደረጃ 3፦ የጤና ሹሙን ዓመታዊ ሪፖርት አውጡ

ከ1855 ጀምሮ እያንዳንዱ የለንደን አካባቢ ሐኪም የሆነ የጤና ሹም እንዲቀጥር ሕግ ያስገድድ ነበር። ሹሙ በየዓመቱ ሪፖርት ያሳትማል። የዌልካም ስብስብ የተባለው የለንደን ቤተ መጻሕፍት ከ1848 እስከ 1972 ያሉትን ከ5,500 በላይ የለንደን ሪፖርቶች ስካን አድርጎ ለሁሉም ክፍት አድርጓል። ስቴፕኒን፣ ቀጥሎም ዓመቱን ብላችሁ ፈልጉ።

ሪፖርቱን ከሠንጠረዡ አትጀምሩ። ከጽሑፉ ጀምሩ። ሹሙ የትኛው መንገድ ላይ ምን እንዳገኘ፣ የትኛው ትምህርት ቤት እንደተዘጋ፣ የትኛው የወተት ነጋዴ እንደተጠረጠረ የሚጽፈው እዚያ ነው። ሠንጠረዡ ውስጥ "31" ብሎ የተቀመጠው ነገር ጽሑፉ ውስጥ ሦስት ገጽ ታሪክ ሊኖረው ይችላል።

ፍለጋ ስታደርጉ የዘመኑን ስሞች ተጠቀሙ፤ አለዚያ ባዶ እጃችሁን ትመለሳላችሁ። ታይፎይድ በብዛት "ኤንተሪክ ፊቨር" ተብሎ ነው የተጻፈው። የሳንባ ነቀርሳ "ፍቲሲስ" ይባላል። ስካርሌት ፊቨር አንዳንዴ "ስካርላቲና" ነው። "ሜምብረነስ ክሩፕ" የሚል ስታዩ ከዲፍቴሪያ ጋር ደምሩት፤ በሕጉም አብረው የተዘረዘሩ ናቸው። "ዛይሞቲክ" የሚለው ደግሞ የአንድ በሽታ ስም ሳይሆን የዋና ዋና ተላላፊ በሽታዎች ጥቅል ነው። ጥቅሉን እንደ አንድ በሽታ እንዳትቆጥሩት።

ደረጃ 4፦ የአንዲት ወረቀት ጉዞ

እዚህ ላይ ቆም በሉ፤ የቀረው ሥራ በሙሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው።

አንድ ልጅ ጉሮሮው አብጦ ትኩሳት ያዘው እንበል። እናቱ ሐኪም ትጠራለች። ሐኪሙ ዲፍቴሪያ ነው ብሎ ካመነ የማስታወቂያ ወረቀት ይሞላል። የልጁን ስም፣ ዕድሜ፣ አድራሻና የበሽታውን ስም ጽፎ ለጤና ሹሙ ይልካል። ለዚህ ይከፈለዋል፦ በግል ሥራው ያየው ከሆነ ሁለት ሺሊንግ ከስድስት ፔኒ፣ በመንግሥት ወይም በድርጅት ሥራው ያየው ከሆነ አንድ ሺሊንግ።

የለንደን ሕግ እንደሚለው ሹሙ በ12 ሰዓት ውስጥ ግልባጭ ወደ ሁለት ቦታ መላክ አለበት። አንዱ የተላላፊ በሽታ ሆስፒታሎችን ወደሚያስተዳድረው የከተማው ቦርድ ነው፤ ስሙ ሜትሮፖሊታን አሳይለምስ ቦርድ ይባል ነበር። ሌላው ልጁ ወደሚማርበት ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ነው። አምቡላንስ ይመጣል፤ ያኔ በፈረስ የሚጎተት ነው። ልጁ ሆስፒታል ይገባል። የንጽሕና ተቆጣጣሪ ቤቱ ይሄዳል። ስንት ሰው እንዳለ፣ ወተት ከማን እንደሚገዙ፣ ልጆቹ የት እንደሚማሩ፣ ቤት ውስጥ ልብስ ስፌት ወይም አጠባ ይሠራ እንደሆነ ይጠይቃል። ፍራሽና አንሶላ በእንፋሎት እንዲጸዳ ይወሰዳል። ክፍሉ ይታጠናል።

አሁን አስቡት። አንድ ልጅ አምስት ቦታ ተጽፏል፦ በሐኪሙ ወረቀት፣ በጤና ሹሙ መዝገብ፣ በሆስፒታሉ መግቢያ መዝገብ፣ በትምህርት ቤቱ፣ በተቆጣጣሪው ማስታወሻ። ሁሉም አልተረፉም። ግን አንዱ ሲጠፋ ሌላው ይገኛል። የትምህርት ቤት የዕለት መዝገቦች በተለይ ወርቅ ናቸው። ርዕሰ መምህሩ "ዛሬ ከሕፃናት ክፍል ብዙዎቹ በኩፍኝ ቀርተዋል" ብሎ የሚጽፈው፣ ኩፍኝ ለመንግሥት በማይነገርበት ዘመን ነው። ብዙዎቹን መዝገቦች ዛሬ በክለርከንዌል ባለው የለንደን ቤተ መዛግብት፣ የሰፈሩን ደግሞ በባንክሮፍት መንገድ በሚገኘው የታወር ሃምሌትስ የታሪክ ቤተ መጻሕፍት ጠይቁ። ስማቸው የተጠቀሰ ታማሚዎች ያሉበት የሆስፒታል መዝገብ ብዙ ጊዜ ለ100 ዓመት ዝግ ነው፤ ለምናጠናው ዘመን ግን አብዛኛው ተከፍቷል።

ደግሞ ሆስፒታል ከገባ በኋላ "በሽታው ሌላ ነው" የተባለም አለ። የቦርዱ ሪፖርት እነዚህን ለይቶ ያስቀምጣል። የተነገረውን ቁጥር ስትጽፉ አጠገቡ "ከምርመራ በኋላ የተቀነሰ" የሚል ዓምድ ይኑራችሁ።

ደረጃ 5፦ ወደ ኤክሴል መገልበጥ

ዓምዶቹ እነዚህ ይሁኑ፦ ዓመት፣ ሳምንት፣ በሽታ፣ ንዑስ ወረዳ፣ የታመመ፣ የሞተ፣ የሕዝብ ብዛት፣ የሪፖርቱ ገጽ፣ አስተያየት። የገጹን ቁጥር አትዝለሉ፤ ከወራት በኋላ አንድ ቁጥር ሲያጠራጥራችሁ ምን ያህል እንደሚያድን ታያላችሁ።

ኮምፒውተር ያነበበውን ጽሑፍ አትመኑ። ደብዛዛ ኅትመት ላይ 3 እና 8፣ 1 እና 7 ይምታታሉ። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ዓምዱን ደምራችሁ ሪፖርቱ ከጻፈው ድምር ጋር አስተያዩ። ካልገጠመ ወደ ስካኑ ምስል ተመለሱ። አንዳንዴ የተሳሳተው የዘመኑ አታሚ ራሱ ነው። ያኔ ሁለቱንም ጻፉና አስተያየት ዓምድ ላይ ምልክት አድርጉ።

ባዶና ዜሮን ለዩ። "0" ማለት ተፈልጎ አልተገኘም ነው። ባዶ ማለት ማንም አልቆጠረም ነው። የ1910 የኩፍኝ ታማሚ ቦታ ባዶ ነው እንጂ ዜሮ አይደለም።

ደረጃ 6፦ ለስንት ሰው ስንት?

ዋይትቻፕል 200 ታማሚ፣ ላይምሃውስ 150 ቢኖራቸው የትኛው ክፉኛ ተመታ? የሕዝቡ ብዛት ካልታወቀ መልስ የለም። የታመመውን ለሕዝቡ አካፍላችሁ በ1,000 አባዙ። ለልምምድ ያህል፣ 560 ታማሚ በ280,000 ሕዝብ ውስጥ ቢኖር ለሺህ ሰው 2 ይሆናል።

የሕዝቡ ቁጥር ግን ራሱ ወጥመድ አለው። ቆጠራ የተካሄደው በ1901፣ በ1911 እና በ1921 ነው። ስቴፕኒ በ1901 ወደ 300 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ነበራት። በ1911 ወደ 280 ሺህ ወረደች። በመሐል ያሉት ዓመታት ግምት ናቸው፤ ግምቱም ያለፈው አሥር ዓመት አካሄድ ይቀጥላል ብሎ ነው የሚያሰላው። ሰው እየለቀቀ ያለን ሰፈር እያደገ ነው ብሎ ከቆጠረ የበሽታው ምጣኔ ከእውነቱ ያነሰ ይመስላል። ስለዚህ የ1905ን ምጣኔ ሪፖርቱ እንዳሰላው አትውሰዱ። ሁለቱን ቆጠራ ይዛችሁ መሐሉን ራሳችሁ አስሉ።

ከ1915 በኋላ ይብሳል። ወጣት ወንዶች ጦር ሜዳ ናቸው። ሪፖርቶቹ በሲቪል ሕዝብ ብቻ ማስላት ይጀምራሉ። የጦርነቱን ዓመታት ከሰላሙ ጋር በአንድ መስመር ስትስሉ ይህን በግልጽ ጻፉ።

ሌላው ጉዳይ የሟቹ መኖሪያ ነው። ትልቁ የለንደን ሆስፒታል የሚገኘው ዋይትቻፕል መንገድ ላይ ነበር። ከሌላ ሰፈር መጥቶ እዚያ የሞተ ሰው በዋይትቻፕል ከተቆጠረ ሰፈሩ የሞት ሜዳ ይመስላል። በተቃራኒው የስቴፕኒ ልጅ ሆመርተን ባለው የተላላፊ በሽታ ሆስፒታል ቢሞት ከስቴፕኒ ይጎድላል። ጎበዝ የጤና ሹሞች ይህን ራሳቸው ያስተካክሉ ነበር። ከ1911 ጀምሮ የአገሪቱን ልደትና ሞት የሚይዘው የመዝገብ ዋና መሥሪያ ቤት ሞትን በወጥነት ወደ መኖሪያ አድራሻ መመለስ ጀመረ። በየዓመቱ የትኛው አሠራር እንደተሠራበት ካላጣራችሁ ንጽጽሩ ዋጋ የለውም።

ደረጃ 7፦ መስመሩ ድንገት ሲዘል መጀመሪያ ሕጉን ጠርጥሩ

ጀማሪ ሰው ግራፉ ሽቅብ ሲወጣ "ወረርሽኝ!" ይላል። ብዙ ጊዜ ግን የተቀየረው አቆጣጠሩ ነው።

ከሁሉ ግልጹ ምሳሌ የሳንባ ነቀርሳ ነው። በ1909 ማስታወቅ ግዴታ የሆነው በመንግሥት ድሃ መርጃ ሥር ላሉ ታማሚዎች ብቻ ነበር። በ1911 የሆስፒታል ታማሚዎች ተጨመሩ። በጥር 1912 ሁሉም የሳንባ ነቀርሳ ታማሚ፣ በየካቲት 1913 ደግሞ የአጥንት፣ የዕጢና የሌላው ነቀርሳ ሁሉ። በነዚህ ዓመታት የታማሚው መስመር ደረጃ በደረጃ ይወጣል። በሽታው ተስፋፍቶ ነው? የሞቱን መስመር አጠገቡ ሳሉት። ሞቱ አብሮ አልወጣም። ተሸሽጎ የነበረው ሕመም ነው ወረቀት ላይ የወጣው። ለዚህ ነው የታመመንና የሞተን ሁልጊዜ ጎን ለጎን መሳል የሚያስፈልገው።

ኩፍኝም እንዲሁ። ከ1916 እስከ 1919 መጨረሻ ለአጭር ጊዜ እንዲነገር ተደረገና ተተወ። ግራፋችሁ ላይ ከምንም ተነሥቶ ከአራት ዓመት በኋላ የሚጠፋ ወረርሽኝ ካያችሁ ያ ነው።

የፈንጣጣው ጉዳይ ደግሞ ሌላ ነው። በ1901 እና በ1902 ለንደን ከባድ የፈንጣጣ ወረርሽኝ መታት። ሐኪሞች ቀለል ያለውን ፈንጣጣ ከጉድፍ፣ ማለትም ከቺክን ፖክስ ጋር ያምታቱ ስለነበር በ1902 ጉድፍም ለጊዜው እንዲነገር ታዘዘ። ያን ዓመት ድንገት ብቅ የሚለው የጉድፍ ቁጥር የፈንጣጣ ፍርሃት ያመጣው ነው። በጣም የምወደው መረጃ ነው፤ ባለሥልጣኖቹ የራሳቸውን መዝገብ ምን ያህል እንደተጠራጠሩት ያሳያል።

ዲፍቴሪያ ላይ ደግሞ ላቦራቶሪውን አስቡ። ከጉሮሮ ናሙና ወስዶ ባክቴሪያ መፈለግ ሲለመድ፣ ቀድሞ ተራ የጉሮሮ ሕመም ይባል የነበረው ዲፍቴሪያ ተባለ። ቀላል ሕመምተኞች ስለተጨመሩ ከመቶ ታማሚ የሚሞተው ያነሰ መሰለ። ሴረሙም በእርግጥ ብዙ ሕይወት አድኗል። ሁለቱን ለመለየት ከመቶ ታማሚ ስንት ሞተ ብቻ ሳይሆን ከመቶ ሺህ ሕዝብ ስንት ሞተ የሚለውንም አስሉ። ሁለተኛው በምርመራ መስፋት አይታለልም።

ደረጃ 8፦ ከዓመት ወደ ሳምንት

የዓመት ድምር በሽታን ይደብቃል። የመዝገብ ዋና መሥሪያ ቤቱ የለንደንን ሞት በየሳምንቱ ያትም ነበር፤ ሳምንቱ ቅዳሜ ያበቃል። በሳምንት ስትስሉት እያንዳንዱ በሽታ የራሱን ጠባይ ያወጣል። ስካርሌት ፊቨርና ዲፍቴሪያ በመከር፣ ትምህርት ቤት ከተከፈተ በኋላ ይወጣሉ። ኩፍኝ ለንደን ውስጥ በሁለት ዓመት አንዴ ገደማ ይመለሳል፤ ያልያዛቸው ሕፃናት እስኪጠራቀሙ ይጠብቃል።

የሕፃናት ተቅማጥ የበጋ ነው። ኤድዋርድ ባላርድ የተባለ የመንግሥት ሐኪም በ1880ዎቹ አንድ ነገር አስተዋለ። አራት ጫማ መሬት ውስጥ የተቀበረ ቴርሞሜትር 56 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም 13 ሴልሺየስ ገደማ ሲደርስ የሕፃናት ሞት ሽቅብ ይወጣል። ምክንያቱ መሬቱ አልነበረም። ረዘም ያለ ሙቀት ወተት ያበላሻል፤ የፈረስ ፋንድያ በሞላበት መንገድ ዝንብ ያረባል። ምልክቱ ግን ሠርቷል፤ የጤና ሹሞችም ለዓመታት ተከታትለውታል። የ1911ን የበጋ ሙቀት ፈልጉ። በእንግሊዝና በዌልስ ከሺህ ሕፃናት በመጀመሪያ ዓመታቸው የሞቱት ያን ዓመት 130 ነበሩ። በቀጣዩ፣ ቀዝቃዛ በጋ በነበረበት ዓመት፣ 95። በስቴፕኒ ሪፖርቶችም ሁለቱን ዓመት ጎን ለጎን አስቀምጡ።

ቀን በቀን የሚሄድ መረጃ ካገኛችሁ ወደ ኋላ ቁጠሩ። ፈንጣጣ ሰው ከተያዘ ከ12 ቀን ገደማ በኋላ ነው የሚታየው። ዲፍቴሪያ ከ2 እስከ 5 ቀን። ታይፎይድ ከ1 እስከ 3 ሳምንት። ሁለት ጎረቤት በአንድ ቀን በፈንጣጣ ከታመሙ አንዱ ሌላውን አላስያዘም፤ ሁለቱም ከሦስተኛ ሰው ነው ያገኙት። ያን ሦስተኛ ሰው ሁለት ሳምንት ወደ ኋላ ሄዳችሁ ፈልጉት።

ደረጃ 9፦ ወደ መንገዱ ውረዱ

የጤና ሹሙ ጽሑፍ ውስጥ የመንገድ ስም ባያችሁ ቁጥር ካርታ ላይ ነጥብ አኑሩ። ግን ስሞች ይቀየራሉ። ስፒታልፊልድስ ውስጥ የነበረው ዶርሴት ስትሪት በ1904 ዱቫል ስትሪት ተብሏል። ይህን የማያውቅ ሰው አንዱ መንገድ ከበሽታ ጸዳ፣ ሌላው አዲስ ታመመ ብሎ ይጽፋል። ዶርሴት ስትሪት በሌሊት ሒሳብ አልጋ በሚያከራዩ ቤቶች የታወቀ ነበር። እንዲህ ያሉ ቤቶች ለፈንጣጣ ክትትል ፈተና ናቸው። ዛሬ እዚህ ያደረ ነገ ሌላ ሰፈር ያድራል። ታማሚው ሲገኝ አልጋ ጎረቤቱ ሄዷል።

ከዚያ የዘመኑን የማኅበራዊ ኑሮ ተመራማሪ የቻርልስ ቡዝን የድህነት ካርታ ከሥሩ አንጥፉ። ቡዝ መንገዶቹን እንደ ነዋሪው ኑሮ በቀለም ለይቷል፤ ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ የመጨረሻው ድሃ፣ ቀይና ቢጫ ሀብታም። የለንደን ኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት በነጻ ያሳያል። ነጥቦቻችሁ ሁልጊዜ ጥቁሩ ላይ አይወድቁም። ስካርሌት ፊቨር ደህና ኑሮ ያለውንም ቤት ያንኳኳል። ነቀርሳና የሕፃናት ተቅማጥ ግን ድሃውን ለይተው ነው የሚመቱት። የቆጠራው መዝገብ መጨናነቅ የሚለው ለአንድ ክፍል ከሁለት ሰው በላይ ሲኖር ነው። ይህንንም በንዑስ ወረዳ ጨምሩበት።

ነጥቦቹ በመንገድ ካልተሰበሰቡ በወተት ነጋዴ ሞክሩ። ሹሙ የታማሚዎቹን የወተት ደንበኝነት ከዘረዘረ፣ ከአንዱ ነጋዴ የሚገዙት ቤቶች ከድርሻቸው በላይ ታመዋል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። "ከ40 ታማሚ 25ቱ የአንድ ነጋዴ ደንበኛ ናቸው" የሚለው ብቻውን ምንም አያሳይም። ነጋዴው ለሰፈሩ ስልሳ በመቶ ያህል የሚያቀርብ ከሆነ የሚጠበቅ ነው።

"ሪተርን ኬዝ" የሚል ካያችሁም ያዙት። ልጁ ከሆስፒታል ዳነ ተብሎ ሲመለስ በቀናት ውስጥ እኅቱ ትታመማለች። በስካርሌት ፊቨር ላይ ይህ በዘመኑ ትልቅ ክርክር ነበር፤ ሆስፒታል ማስገባት በእርግጥ በሽታውን ያቆማል ወይ የሚል።

ደረጃ 10፦ ማን ተወቀሰ? ማን ሞተ?

ይህን ደረጃ ብዙ መመሪያ አይጨምረውም። እኔ ግን ግዴታ ነው እላለሁ። በተለይ በሰው አገር ለምንኖር።

በዚያ ዘመን ስቴፕኒ ከሩሲያ ግዛት የሸሹ አይሁድ ስደተኞች የሰፈሩባት ነበረች። ጋዜጣውና ፖለቲከኛው በሽታ አመጡ፣ አጨናነቁ፣ አቆሸሹ ይላቸው ነበር። በ1902 እና በ1903 የንጉሣዊ ኮሚሽን ተቋቁሞ ጉዳዩን መረመረ። በ1905 ስደተኛን የሚገድብ ሕግ ወጣ። ጤናም አንዱ ሰበብ ነበር።

አሁን በእጃችሁ ያለውን ሠንጠረዥ ክፈቱ። የሕፃናትን ሞት በንዑስ ወረዳ ለዩ፤ አይሁድ የበዙበትን የዋይትቻፕል አካባቢ ከሌሎቹ ጋር አስተያዩ። የአይሁድ ቤተሰቦች ሕፃናት ተመሳሳይ ድህነት ውስጥ ካሉ ጎረቤቶቻቸው ባነሰ ምጣኔ ነው የሞቱት። እናቶቹ ጡት አብዝተው ያጠቡ ነበር፤ ማኅበረሰቡም የራሱ የአራስ መርጃ ነበረው። በመጨናነቅ ደግሞ ከማንም የባሱ ነበሩ። በሽታ አመጡ የተባሉት ሰዎች መዝገቡ ውስጥ ሌላ ታሪክ አላቸው። ጋዜጦቹን፣ ለምሳሌ ኢስት ለንደን ኦብዘርቨርን፣ ያንኑ ሳምንት አውጥታችሁ ከቁጥሩ ጋር ጎን ለጎን አንብቡ።

ደረጃ 11፦ ያልተመዘገበውን መያዝ፦ 1918

የኅዳር በሽታ ለኛ አዲስ አበባ ውስጥ በእኛ አቆጣጠር በኅዳር 1911 ዓ.ም. የገባው ሐዘን ነው። ያው ኢንፍሉዌንዛ ለንደንን በተቀራራቢ ሳምንታት እያራገፋት ነበር። ሦስት ጊዜ ተመላልሷል፦ በ1918 በጋ፣ በመከር፣ እንደገና በ1919 መጀመሪያ። የከፋው የኖቬምበር 1918 መጀመሪያ ነው፤ በአንድ ሳምንት ብቻ ከ2,000 በላይ የለንደን ነዋሪ በኢንፍሉዌንዛ ሞቷል ተብሎ ተመዝግቧል።

ኢንፍሉዌንዛ ግን ለመንግሥት የሚነገር በሽታ አልነበረም። ከ1919 ጀምሮ የተነገረው ከኢንፍሉዌንዛ የመጣ የሳንባ ምች ነው። ስለዚህ መንገዱ በትርፍ ሞት መቁጠር ነው። ከጦርነቱ በፊት የነበሩ ጥቂት ዓመታትን ያንኑ ሳምንታት ውሰዱ። አማካዩን አውጡ። ከ1918ቱ ቀንሱ። ይህን ለኢንፍሉዌንዛ ብቻ ሳይሆን ለሳንባ ምች፣ ለብሮንካይተስና ለልብ ሕመምም ሥሩ፤ ሐኪሙ በድካም "የሳንባ ምች" ብሎ ያለፈው ብዙ ነው። ከዚያ ዕድሜውን እዩ። የተለመደ ኢንፍሉዌንዛ ሽማግሌና ሕፃን ይወስዳል። ይህኛው ከ20 እስከ 40 ዓመት ያሉትን ነው ያረገፈው። ሠንጠረዣችሁ በመሐል ዕድሜ ላይ ጉብ ካለ የያዛችሁት እሱን ነው።

ደረጃ 12፦ ስትጽፉ

የታማሚ ስም ብታገኙም አታውጡ። ዕድሜ፣ መንገድና ቀን ይበቃል። የልጅ ልጆቹ ዛሬም አሉ።

እያንዳንዱ ግራፍ ሥር ሦስት ነገር ጻፉ፦ በዚያ ዓመት በሽታው በግዴታ ይነገር ነበር ወይ፣ የሕዝቡ ቁጥር ከቆጠራ ነው ከግምት፣ ሞቱ ወደ መኖሪያ ተመልሷል ወይ። ስቴፕኒን ስትጨርሱ ያንኑ ኤክሴል ዓምዱን ሳትነኩ ወደ ፖፕላርና ወደ ቤትናል ግሪን ውሰዱት። በሽታው የአስተዳደር ድንበር አያውቅም። በስቴፕኒ ጠርዝ ላይ ብቻውን የቆመ የሚመስል ነጥብ ካለ፣ ጓደኞቹ ከድንበሩ ማዶ በሌላው ሹም ሪፖርት ውስጥ ሊሆኑ ይችላሉ።